ጥይትን በእጅ ስለ መሙላት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ስገባ ተደጋግመው የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሆጤ ነው። ኑሮዬ አሁን አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚያ በየዓመቱ መከር ላይ ፈቃድ አውጥቼ አጋዘን አድናለሁ። የማድንበትን ጥይትም ራሴ እሞላለሁ። አገር ቤት ስገባ ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ ወሬው ወደዚህ ይዞራል። ጠመንጃ የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ ጥይት ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሞላ ሰው ግን ያስገርማል። የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ ጻፍኩት።

ጥይት በእጅ መሙላት ስትል ምን ማለትህ ነው?

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። መጀመሪያ ከናስ የተሠራው ቀለህ አለ። ቀለሁ ቂጥ ላይ ትንሽ ቆብ ትቀመጣለች፤ መቺው ሲመታት እሳት የምትለኩሰው እሷ ናት። ውስጡ ባሩድ አለ። አፉ ላይ ደግሞ አረሩ ተወትፏል። በርሮ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው።

ሲተኮስ ቆቧ ትቃጠላለች፣ ባሩዱ ያልቃል፣ አረሩ ይሄዳል። ቀለሁ ግን እጅ ላይ ይቀራል። እሱን አጽድቶ፣ ቅርጹን መልሶ፣ አዲስ ቆብ፣ የተመዘነ ባሩድና አዲስ አረር መግጠም ነው ሥራው። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ መሣሪያ፣ ጥሩ ሚዛንና ርዝመትና ውፍረት የሚለካ ካሊፐር ይፈልጋል። ካሊፐሩን የኮምቦልቻ ሜካኒኮች ሁሉ ያውቁታል። ከሁሉም በላይ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደሴም ይሠራል። ሚዛን ገዝቶ መጀመር ነው፣ አይደል?”

አይደለም። ይህን የጠየቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። ለእሱ የመለስኩትን ለሁሉም እመልሳለሁ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ጠመንጃ ለመያዝ ራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥይት ያለ ፈቃድ ማምረት ደግሞ ወንጀል ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ለራስ መሙላት የተፈቀደ ነው፤ ባሩዱና ቆቡ በሱቅ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ባሩድ ላይ አምራቹ ያሳተመው የመጠን ሰንጠረዥ አለ። እዚህ ከእነዚህ አንዱም የለም። ሰንጠረዥ የሌለው ባሩድ ሞልቶ መተኮስ ፊትን አሲዞ ቁማር መጫወት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ለማወቅ ለሚፈልግ ነው፤ እዚህ ልጀምር ለሚል አይደለም።

የፋብሪካ ጥይት እያለ ለምን ትደክማለህ?

ሰልባጅ ሱሪ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ። ወገቡ ይገባል፣ እግሩ ይረዝማል። ይለበሳል ግን ልክ አይደለም። የፋብሪካ ጥይትም እንደዚያ ነው። በዚያ መጠን የተሠራ ጠመንጃ ሁሉ፣ አዲሱም ያረጀውም፣ እንዲጎርሰው ተደርጎ ነው የሚሠራው። እኔ ያለኝ አንድ በርሜል ነው። ለእሱ ልኩን እሰፋለታለሁ።

ዋናው ነገር መመሳሰል ነው። ሃያኛው ጥይት የመጀመሪያውን መምሰል አለበት። ጠመንጃው ሁልጊዜ ሁለት ጣት ወደ ግራ ቢመታ ችግር የለም፤ ጠመንጃው ላይ ያለውን የማነጣጠሪያ መነጽር ትንሽ አዙሮ መመለስ ነው። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ላይ ሲል ነው መላው የሚጠፋው። በእጅ የመሙላት ጥቅም ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ባሩዱ እኩል፣ የቀለሁ አንገት አረሩን የሚይዝበት ጥንካሬ እኩል፣ አረሩ የተቀመጠበት ጥልቀት እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ።

ባሩድ መመዘን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

እናቴ ጨውን በመዳፏ ነው የምትመጥነው፤ ተሳስታ አታውቅም። እዚህ ግን መዳፍ አይሠራም።

ባሩድ የሚለካው ግሬን በሚባል መለኪያ ነው። ስሙ ከእህል ፍሬ የመጣ ነው። አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ15 በላይ አለ። የእኔ ሚዛን የግሬንን አሥረኛ ያነባል። አንዲት ፍሬ አሥር ቦታ ተከፍላ አንዷን ቁራሽ መመዘን ማለት ነው። ሚዛኑ አጠገብ ጠንከር ብዬ ከተነፈስኩ ቁጥሩ ይዘላል። ስለዚህ ማራገቢያ አጠፋለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ። ባሩዱን በማንኪያ ጫፍ እየነካካሁ ቅንጣት በቅንጣት አንጠባጥባለሁ። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ እጄን አንሥቼ እጠብቃለሁ፤ ሚዛኑ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚናገረው።

ለምን ይህ ሁሉ? ባሩዱ ሲለያይ ፍጥነቱ ይለያያል። አረሩ ደግሞ ከበርሜሉ እንደወጣ መውደቅ ይጀምራል፤ የዘገየው የበለጠ ይወድቃል። በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ ጥይትና 785 የሚወጣ ጥይት በ100 ሜትር ላይ የሚለያዩት በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማንም አያየውም። በ300 ሜትር ግን 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጓደኞቼ “በ50 እርምጃ ሁሉም ጥይት አንድ ነው” ይሉኛል። ልክ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ሲርቅ ነው።

መጠኑ ከየት ይመጣል? ከራስ አይፈጠርም። አምራቹ ካሳተመው ሰንጠረዥ ላይ ከጣሪያው፣ ማለትም ከከፍተኛው መጠን፣ በ10 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ይጀመራል። ከዚያ በትንንሽ ደረጃ እየወጡ ዒላማውንም ቀለሁንም ማየት ነው። ቆቧ ከተደፈጠጠች፣ ቃታው ለመክፈት ከከበደ፣ ግፊቱ በዝቷልና ይቆማል። ብዙ ሰው ፍጥነት ይወዳል። የእኔ ጠመንጃ ግን ረጋ ያለውን መጠን ይወዳል፤ ከጣሪያው በታች ነው ጥይቶቹን አንድ ቦታ በደንብ የሚሰበስብልኝ።

ቀለህ ስንት ጊዜ ይሞላል?

እንደ አያያዙ ነው። ሲተኮስ ናሱ ይለጠጣል፤ ቅርጹ ሲመለስ ይጨመቃል። ይህ ሲደጋገም ናሱ ይደነድናል፣ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ርዝመቱም ያድጋል፤ ከልኩ ሲያልፍ ይቆረጣል።

የሚያስፈራው ግን ከቂጡ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው። ቀለሁ ሲለጠጥ የሚሳሳው እዚያ ነው። ከውጭ አንዳንዴ ቀለል ያለ የሚያበራ ቀለበት ይታያል። እኔ በዓይኔ ብቻ አላምንም። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፌ በአፉ አስገባና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እየጫርኩ አወጣዋለሁ። ደህና ቀለህ ለስላሳ ነው። የሳሳው ላይ ሽቦው ትንሽ ቦይ ውስጥ እንደገባ ቀጥ ይላል። ጣት ይሰማዋል። ያ ቀለህ እንዳይመለስ በፒንሳ ጨፍልቄ እጥለዋለሁ። አንድ ቀለህ ለማትረፍ ብሎ ጋዝ ወደ ፊቱ የሚመልስ ሰው የለም።

“የክላሽስ ቀለህ?” ይሉኛል። ብዙው ብረት ነው፣ ናስ አይደለም። ቆቧም የምትቀመጠው በሌላ ዘዴ ነው፤ እሳቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ከመሃል የወጡ ናቸው። አንድ ቀዳዳ መሃሉ ላይ ያለው ነው በቀጭን ዘንግ ተገፍቶ ቆቡ የሚወጣለት። ስለዚህ የክላሽ ቀለህ አንዴ ከተተኮሰ አለቀ።

አረሩ ምን ያህል ጠልቆ ይቀመጣል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። በርሜል ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። ቦዮቹ የሚጀምሩት ከአረሩ አፍንጫ ትንሽ ራቅ ብለው ነው። አረሩ ያንን ክፍተት ዘልሎ ነው ቦዩን የሚይዘው። ዝላዩ ሲበዛ ጠምሞ ሊገባ ይችላል። እንዲነካ ከተደረገ ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። በመሃል፣ ያንተ ጠመንጃ የሚወደው ቦታ አለ። በግማሽ ሚሊ ሜትር ለውጥ ዒላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሲሰበሰቡ አይቻለሁ።

ለአደን ግን አላስነካም። ጥይቱን ሳትተኩስ ልታወጣው ስትል አረሩ ቦዩ ላይ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ያኔ ባሩዱ በሙሉ ጠመንጃው ውስጥ ይፈስሳል። ጫካ መሃል ይህ ሲሆን የዕለቱ አደን አበቃ።

የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በጣም የምወደው ጥያቄም ይህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመኪና ከአንድ ሰዓት የማይሞላ ቁልቁለት ነው፤ ሹራብ ለብሶ የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቃል። የኮሎራዶዋ ዴንቨር በከፍታዋ አሜሪካ ውስጥ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት፤ ያላት 1,609 ሜትር ነው። ኮምቦልቻችን ትበልጣታለች።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አረሩን የሚይዘው አየር ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ፍጥነቱን የበለጠ ይዞ ይሄዳል። ቢሆንም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት በ300 ሜትር ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከአሰብ ባሕር ዳርቻ ወደ ጦሳ ተራራ ቢወጣ ግን በደንብ ይታያል።

ሙቀቱ ይብሳል። ብዙ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ብርድ ላይ ተሞክሮ ጣሪያው ድረስ የተሞላ ጥይት፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሲውል ከጣሪያው ሊያልፍ ይችላል። እኔ ጥይቴን የምሞክረው በበጋው ሙቀት ነው። በብርዱ የሚመጣው ችግር ትንሽ መዝቀጥ ነው፤ በሙቀቱ የሚመጣው ግን አደጋ ነው።

ጠመንጃ “ልክ ይመታል” የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ክብ 360 ዲግሪ ነው። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ ይባላል። የአንድ ደቂቃ ስፋት በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ጥይቶቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ከገቡ ለአደን ጠመንጃ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሦስት ተኩሶ ሦስቱ ሲሰበሰቡ ወረቀቱን አጥፎ ኪስ ውስጥ የሚከት ሰው ብዙ ነው። ሦስት ጥይት በዕድልም ይሰበሰባል። አሥር ሲተኮስ ነው እውነቱ የሚወጣው። እኔ አንድን አሞላል ከማመኔ በፊት በተለያየ ቀን፣ በጠቅላላው ሃያ እተኩሳለሁ። አንዷ ከወጣች “እጄ ነው” ብዬ አላስወግዳትም። ትቆጠራለች።

አደጋ ደርሶብህ አያውቅም?

ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ታኅሣሥ ነበር። ዴንቨር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ደሴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሃምሳ ቀለህ ደርድሬ ባሩድ እየሞላሁ እናቴ ደወለች። ትንሽ አውርተን ተመለስኩና ከቆምኩበት የቀጠልኩ መሰለኝ። አንዱን ዘልዬዋለሁ።

ተኩስ ሜዳ ላይ ያቺ ጥይት ደረሰች። ምላጩን ስስብ የተሰማኝ ደከም ያለ “ጠብ” ነው። አልጮኸችም፣ አልገፋችኝም። ቆቧ ብቻዋን አረሩን በርሜሉ ውስጥ ገፍታ እዚያው አቁማዋለች። እኔ ቃታውን ስቤ ሌላ ላጎርስ እጄ ተነሥቷል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አንጓዬን ያዙኝ። ከፍተን በብርሃን ስናይ በርሜሉ ድፍን ነው። ሁለተኛዋን ብተኩስ ኖሮ በርሜሉ ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሩድ ስሞላ ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። እናቴም ታውቃለች፤ ካላነሣሁ ቆይታ ትደውላለች። አረር ከመግጠሜ በፊት ሃምሳውንም ቀለህ በባትሪ ወደ ውስጥ አያለሁ። የባሩዱ ከፍታ በሁሉም እኩል መሆን አለበት። ባዶ ወይም የበዛ ያለ እንደሆነ ዓይን ይለየዋል።

ሌላው ሕግ፦ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ። ሁለት ባሩድ ጎን ለጎን አይቀመጥም። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው አይገናኝም። የዓይን መከላከያ መነጽርም ይደረጋል። እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ገንዘብ ይቆጥባል?

አይቆጥብም። አንዷ ጥይት ትረክሳለች፤ ግን የበለጠ ትተኩሳለህ።

እውነቱን ንገረን፤ ለአደን ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። አጋዘን ላይ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥይቶቹን በሁለት ደቂቃ ስፋት ውስጥ የሚሰበስብ ተራ ጠመንጃ፣ በፋብሪካ ጥይት፣ በ200 ሜትር ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይመታል። ይበቃል። የጎደለው ብዙ ጊዜ ሰውየው ነው። መተንፈስ፣ ምላጩን ሳይነጥቁ መሳብ፣ ሰደፉን ትከሻ ላይ በየጊዜው እኩል ማስቀመጥ፣ የመነጽሩ ብሎኖች መጥበቃቸው። እነዚህ ሳይስተካከሉ ባሩድ መመዘን ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ምንጣፍ መምረጥ ነው።

ታዲያ ለምን እሞላለሁ? ሜዳ ላይ ስህተት ይደማመራል። ነፋስ አለ፣ ድካም አለ፣ ልብ ይመታል። የጥይቴን ድርሻ ካሳነስኩ ለሌላው ቦታ አተርፋለሁ። አንድ ጊዜ ክፉኛ ያቆሰልኩትን እንስሳ እስኪመሽ ተከትያለሁ። በማግሥቱ ነው ያገኘሁት። ያንን ሌሊት አልረሳውም። አንዲት እንስሳ ሕይወቷ በእኔ እጅ ካለፈ፣ ሳትሠቃይ በአንዷ ማለቅ አለባት። ለዚህ ብዬ ነው ሚዛን ላይ የምቀመጠው። ከ250 ሜትር በላይም አልተኩስም፤ ጥይቱ ቢችልም።

ድሮ አባቶቻችን ውጅግራ ይሞሉ ነበር አይደል?

ውጅግራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1874፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር። ስሙም ፈረንሳዮቹ “ፉዚ ግራ” ከሚሉት የመጣ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ ጭሱ ግን ጉም የሚያክል ነው። በዚያ ዘመን ጥይት ውድ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። አጎቴ ቤት ቆርቆሮ ሙሉ ቀለህ ነበረ፤ ለምን እንደማይጥለው ስጠይቀው “ናስ አይጣልም” ብሎ ዝም አለ።

ልብ በሉ፤ ጭስ የሌለው ባሩድ የመጣው በኋላ ነው፤ ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1886 በለበል ጠመንጃ ጀመሩት። አዲሱን ባሩድ በውጅግራ ልክ የሞላ ሰው ጠመንጃውን ያፈነዳዋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላችሁ እዚያው ይሰቀል፤ ታሪክ ነው።

ደሴ ዙሪያ ማደን ይቻላል?

አደን በኢትዮጵያ የሚፈቀደው በተወሰኑ የአደን ቀበሌዎች፣ በፈቃድ ነው። የሚመራውም በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። እኛ ጋ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ መጠበቂያ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ውጭ በዓለም የትም የለም። ባይኖክላር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ባለፈው ዓመት ሄጄ አንዷን ለረጅም ሰዓት ሳያት አይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ቀስራ፣ ሳትነቃነቅ ትጠብቅ ነበር።

ቤት ውስጥ፣ ማሳ ላይ አሮጌ ጥይት አገኘን። ፈትተን ባሩዱን እንጠቀምበት?

በፍጹም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ካለፈ ወዲህ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። የሰውን ጥይት ባሩድ ዓይነቱን ማንም በዓይን አይለየውም። ዝናብ የመታው፣ አፈር የበላው፣ ጠባዩ ተለውጦ ይሆናል። አትተኩሱት። በፒንሳ አትፍቱት። እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ቀለሁ ፈንድቶ ይበተናል። ከጥይት የሚተልቅ፣ ቅርጹን የማታውቁት ብረት ከሆነ ደግሞ እግራችሁን ባመጣችሁበት መልሱ፣ ቦታውን ምልክት አድርጉና ለቅርቡ ፖሊስ ተናገሩ። ልጆች ከብት ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ዛሬውኑ ንገሯቸው፦ የሚያበራ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ።